ዘጠኝ መለኪያ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ የሄደው ልጅ

የማወራችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ፈቃዱን ጠይቄያለሁ። ረቂቁንም አንብቦ አንድ አንቀጽ አስወጥቶኛል፤ የቀረውን «ይሁን ጋሼ፣ ጻፈው» ብሏል። ስም አልጠራም። ወንድማማቾቹ ሁለት ስለሆኑ ትልቁና ትንሹ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ እዚሁ ጎንደር የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። 18 ዓመት ሙሉ ሜንዴል የዘር ውርስን ሕግ ያገኘበትን አተር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬያለሁ። ረጅም አተር፣ አጭር አተር፣ ሦስት ለአንድ። ተማሪዎቼ በእንቅልፍ ልባቸው ይመልሱታል። እንዲህ ሆኜ ግን አፍንጫዬ ሥር የነበረውን አላየሁም። አለማየት ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር፤ አጨብጭቤለታለሁ።

ጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ደንቢያ፣ ከቆላድባ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የአባቱ ዘመዶች ሰርግ ነበር። ትልቁ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። የአባቱ ወንድሞች ዳሱ ውስጥ ጋቢያቸውን ደርበው ተደርድረዋል፤ ፊታቸው የዳጉሳ አረቄ አለ፣ ያውም ዳግም። ልጁን ጠሩት። አንድ መለኪያ ሰጡት፣ ጨለጠ። ደገሙት። ከአራተኛው በኋላ ሰው መቁጠር ጀመረ። ዘጠኝ ላይ አንደኛው አጎቱ ተነሳና ጉዝጓዙን በዱላው ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ ከዳሱ መሃል እስከ በሩ ድረስ መስመር አወጣ። «በዚህ ላይ ሂድ እስቲ!» ልጁ ሄደ። ዝንፍ አላለም። ሲመለስ ጭራሽ እስክስታ ጨመረበት። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። «የአባቱ ልጅ!» «ዘሩ ነዋ! እነዚህ ሰዎች እኮ መጠጥ አይነካቸውም!» አባቱ ምንም አላለም፤ ጢሙን ብቻ ነካ ነካ አደረገ። ኩራቱን አይቼዋለሁ።

ትንሹ በዚያው ቀን ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ጠጥቶ ፊቱ በርበሬ መስሎ ከዳሱ ጀርባ ያስመልሰው ነበር። «ይሄኛው የእናቱ ነው» ተባለና ተሳቀበት። የእናቱ ማለት የእኛ ወገን ማለት ነው። ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አሁን ሳስበው በዚያ ዳስ ውስጥ ሊያስፈራን ይገባ የነበረው ትልቁ ነበር። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቤቱን ልግለጽላችሁ። እህቴ አረቄ ታወጣ ነበር። ባሏ ሠርቶ ከሚያመጣው የሚጠጣው ስለሚበልጥ ልጆቹን ያሳደገችው በአረቄ ነው። ጓሮ ድፍድፍ የሞላበት ሰማያዊ በርሜል አለ፤ ከበርሜሉ አጠገብ ምድጃው፣ ማሰሮው፣ ሸምበቆው። ጌሾና ብቅሉ ግቢው ውስጥ ይሰጣል፤ ልጆቹ ዶሮ እያባረሩ አደጉበት። መጀመሪያ የሚወርደውን «እስቲ ቅመሰው፣ በርትቷል?» የምትለው ትልቁን ነበር። ያኔ 11 ወይ 12 ዓመቱ ቢሆን ነው። ትንሹ ሲሸተው ብቻ ስለሚሸሽ አይጠየቅም።

አባትየው በ2011 ዓ.ም. ሞተ። 49 ዓመቱ ነበር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው የሄደው። ለቅሶ ላይ «ጉበት ነው» ተባለ። መጠጥ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነገር ስለሆነ አላንዛዛውም። ትልቁ ከማራኪ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳል። መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ከዚያ ቀትር ላይም ሆነ። በኋላ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ መለኪያ ይደፋና የባጃጁን መሪ የሚጨብጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ግን ሰክሮ አይታይም! ይህን ነው ማንም ሊረዳው ያልቻለው። አይንገዳገድም፣ አይሳደብም፣ ሒሳብ አይሳሳትም። «ይጠጣል እንጂ ሰካራም አይደለም» እንባባል ነበር።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ገባች። ራሱ ነው «በቃኝ፣ ሱባኤ እገባለሁ» ያለው። ሁላችንም በደስታ አለቀስን። ከከተማው ወጣ ያለ ጠበል ቦታ እናቱና ትንሹ ይዘውት ሄዱ። በአንድ ጊዜ ቁርጥ አደረገው፤ ጠብታ አልነካም። ሁለተኛው ሌሊት ላይ አንቀጠቀጠው፣ አረፋ ደፈቀ፣ ምላሱን ነከሰ። በሦስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ግድግዳው ላይ ጉንዳን እየለቀመ ነበር። ጉንዳን የለም። የሞተ አባቱን «ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም» ይለዋል። በዙሪያው ያለው ሰው «ጮኸ፣ ሊለቀው ነው» አለ። ትንሹ ግን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ገላው እሳት ሆኗል» አለኝ። በሌሊት መኪና ለምነን ከተማ አወረድነው።

ጠበሉን አልወቅስም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በአልኮል ታፍኖ የኖረው አንጎል ልጓሙ እንደተበጠሰ በቅሎ ይፈረጥጣል። ማንቀጥቀጡና መጣሉ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ይመጣል። መቃዠቱ፣ ትኩሳቱና የሌለ ነገር ማየቱ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ካልታከመ ይገድላል። ሆስፒታል እንደደረስን የመጀመሪያው ጥያቄ «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ሦስት ቀን አልናት። ዶክተሯ ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት አዘዘች፣ ከግሉኮሱ በፊት ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ። በአምስተኛው ቀን ስሜን ጠርቶ ሻይ ጠየቀኝ።

የጉዳዩ ሁለተኛ ክፍል የጀመረው እዚያ ነው።

ልጁ ሲረጋጋ ዶክተሯ ቤተሰቡን ጠራች። እህቴ፣ እኔ፣ ትንሹ፣ ከደንቢያ የመጡት የአባቱ እናት (እማማ እንላቸዋለን) እና አንድ አጎት፣ ያ መስመር ያሰመረው። ቢሮው ጠባብ ስለነበር አጎትየው በሩን ተደግፎ ቆመ። ገና ሳንቀመጥ ጠቡ ተጀመረ። አጎትየው «ልጁን ያበላሸው የእናቱ በርሜል ነው» አለ። እህቴ «ከእናንተ ዘር ነው የመጣው፤ አባቱንም የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለች። ይህ ጠብ አዲስ አልነበረም፤ ለቅሶው ላይም በሹክሹክታ ነበር።

ዶክተሯ አልፈረደችም። ነጭ ወረቀት አወጣችና «ወንዱ ካሬ፣ ሴቷ ክብ» ብላ መሳል ጀመረች። እኔ ያንን ስዕል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። በራሴ ቤተሰብ ሲሳል ግን አይቼ አላውቅም። መጠጥ ያሸነፈውን በጥቁር እስክሪብቶ ትሞላለች። አባትየው ጠቆረ። ታላቅ ወንድሙ ጠቆረ። የአባቱ አባት፣ ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ውስጥ ወድቆ የሞተው፣ ለካ እሱም ጠቆረ። አጎትየው «እኔንስ?» ብሎ ሳቀ። ዶክተሯ ቀና ብላ አየችውና «በቀን ስንት መለኪያ ነው?» አለችው። ሳቁን አቆመ።

ከዚያ እማማን «ስንት ልጆች ወለዱ?» አለቻቸው። «ስድስት።» ዶክተሯ ቆጠረች፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት አምስት ናቸው። «ስድስተኛውስ?» ዝም አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆይተው «ልጅቷ ዛር ነበረባት» አሉ።

ደጋግሜ የማስታውሰው ይህን ደቂቃ ነው። ሌላ ሐኪም ቢሆን «እማማ፣ ዛር የሚባል ነገር የለም» ብሎ በሩን ይዘጋው ነበር፤ እኔ ራሴ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዶክተሯ ግን «እንዴት ያደርጋት ነበር?» አለች። እማማ አወሩ። በ22 ዓመቷ እንቅልፍ ጠፋባት፤ ሳምንት ሙሉ ሳትተኛ ስትዘፍን ታነጋለች። ያላትን ልብስ ለመንገደኛ ሰጠች። «ንግሥት ነኝ» አለች። ከዚያ ደግሞ ወራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እንደገና ትነሳለች። ሁለት ባል ፈታት። የኋላ ኋላ ጓዳ ውስጥ ሆና ሞተች፤ ሰው ሲመጣ በሩ ይዘጋ ነበር።

«ዛሩ ከማን ወረደባት?» አለች ዶክተሯ። እማማ ጥያቄው ምንም አልገረማቸውም። ጎንደሬ ዛር በዘር እንደሚወርድ ያውቃል፣ ከእናት ለልጅ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ። «ከባለቤቴ እናት ነው። እሷም ሌሊት ሌሊት ትዘፍን ነበር አሉ፤ አክስቷም እንዲያው ነበረች» አሉ። ዶክተሯ ሁለት ክብ ጨመረች። ማንም ሊነግረን ያልቻለውን አራት ትውልድ ዛሩ ቆጥሮ አስረከበን!

ከክቦቹ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገችባቸው። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳበት አንዴ ደግሞ የሚወድቅበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በሞተ ሰው ላይ ግን ምርመራ አይጻፍም አለች። መጠየቋ ለወግ አልነበረም። ባይፖላር ያለበት ሰው መጠጥ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የትልቁ መጠጥ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለበት ማወቅ ነበረባት። አላገኘችበትም። ድብርት አገኘችበት፤ እሱንም ካቆመ ከአራት ሳምንት በኋላ ደግማ ልታየው ቀጠረችው፣ መጠጡ ራሱ ድብርት ስለሚያመጣ።

ልንወጣ ስንል እማማ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሱ «የኔ ልጅ ይቺ ናት?» አሉ። ማንበብ አይችሉም። ክቧን ዳሰሷት። «ስሟን ጻፊበት።» ያንን ስም በዚያ ቤት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጠቡ ልመለስ፣ ዘር ወይስ በርሜል። ዶክተሯ በ1973 ዴንማርክ ውስጥ የታተመ ጥናት ነገረችን። (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከወላጆቻቸው አንዱ፣ በአብዛኛው አባታቸው፣ የአልኮል ሱሰኛ የሆነ፣ ግን ገና በጨቅላነታቸው ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥተው ያደጉ ወንዶች ናቸው የተጠኑት። ያን ወላጃቸውን አያውቁትም፣ በርሜሉንም አላዩም። ካደጉ በኋላ ሲታይ ከ100 ውስጥ 18ቱ ሱሰኛ ሆነዋል። እንደነሱ በጉዲፈቻ ካደጉት፣ ወላጃቸው ግን ሱሰኛ ካልነበረው ውስጥ 5ቱ። እህቴ «አላልኳችሁም!» አለች። ዶክተሯ ቀጠለች፤ ከ100 ውስጥ 82ቱ እኮ አልሆኑም። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላው መጠጣት የጀመረ ልጅ፣ 20 ዓመት እስኪሞላው ከቆየው ጋር ሲተያይ በሕይወቱ የመጠመዱ ዕድል አራት እጥፍ ገደማ ነው። እህቴ ዝም አለች። «እስቲ ቅመሰው» ያለችውን ያስታወሰች መሰለኝ።

በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ለአልኮል ሱስ የዘር ድርሻ ግማሽ ገደማ ነው። ይህች «ግማሽ» ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች፣ አስተማሪውንም ጭምር። የልጁ ሱስ ግማሹ ከአባቱ፣ ግማሹ ከእናቱ በርሜል መጣ ማለት አይደለም። በሕዝብ መካከል አንዱ ሲጠመድ ሌላው የማይጠመድበት ልዩነት ምን ያህሉ በዘር ልዩነት ይገለጻል ነው ነገሩ። ጤፍ አስቡ። አንድ ማሳ ላይ አንድ ዓይነት ዝናብ ካገኘ፣ ያንደኛው ዘለላ ከሌላው የሚበልጠው በዘሩ ነው። ዝናቡ ሲቀር ግን ምርጡም ዘር ገለባ ይሆናል። ለአንድ ዘለላ «ግማሽህ ዘር ነህ፣ ግማሽህ ዝናብ» አይባልም።

አሁን የሰርጉ መስመር። ማርክ ሹኪት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከ1978 ጀምሮ (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) 20 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወጣቶች እያመጣ የተመዘነ አልኮል አጠጥቶ ለካቸው። ግማሾቹ የሱሰኛ ልጆች ናቸው። ምን ለካ? ካላችሁ፣ አንዱ ቆመው ሳሉ ሰውነታቸው ስንት እንደሚወዛወዝ ነው። በቃ የኛው አጎት መስመር ነው፣ እሱ በመሣሪያ ሆነ እንጂ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ፈልጎ አገኛቸው። ከሱሰኛ አባት ልጆች መካከል መጠጡ እምብዛም ካልነካቸው 56 በመቶው ሱሰኛ ሆነዋል። ቶሎ ከነካቸው ደግሞ 14 በመቶው ብቻ።

ዶክተሯ ይህን ስትናገር አጎትየው ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ሌላው ሰው ሁለተኛው መለኪያ ላይ ጭንቅላቱ ይዞርና «ይብቃኝ» ይላል። እነዚህ ያ ደወል አይደወልላቸውም። ስለዚህ ይጨምራሉ፤ የሚጠጣ ጓደኛ ይይዛሉ፤ አንጎላቸው ይለምዳል፤ ጉበታቸው ግን እንደማንም ጉበት ነው። ደወል አለመስማቱም በከፊል በዘር ይወርዳል። እኛ ያጨበጨብንለት እሱን ነው።

ትንሹ «ታዲያ እኔ ነጻ ነኝ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማማቾች በአማካይ ግማሽ ዘራቸውን ይጋራሉ፤ ከአንድ ከረጢት ዕጣ እንደማውጣት ነው። ደወሏ ለእሱ የደረሰችው ይመስላል፤ ለምን ፊቱ እንደሚቀላ ግን የመረመረው የለም። ምሥራቅ እስያ ውስጥ፣ ጃፓንና ቻይና፣ ፊት የሚያቀላና መጠጥ የሚያስጠላ የታወቀ የኢንዛይም ልዩነት አለ፤ የእሱ ያ ነው ለማለት አይቻልም። የአክስቱን ነገር ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀው። ወላጁ ባይፖላር ያለበት ልጅ እንኳ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ወደ 10 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለአክስት ደግሞ ያንሳል። ትከሻው ሲወርድ አይቻለሁ።

አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ይህን ሲሰማ «ምራቁን ላኩልኝ፣ ዲኤንኤ ላስመርምርለት» አለ። ዶክተሯ ገንዘቡን ለክትትሉ አውሉት አለች። የመጠጥ ጂን የሚባል አንድ ነገር የለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚገፉ እጅግ ብዙ ልዩነቶች ናቸው። እስካሁን የተሰበሰበው መረጃ ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ስለሆነ ለእኛ በቅጡ አይሠራም። ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ይዞ የተነሳው ይህን ክፍተት አይቶ ነው። እሱም ስለ ሱስ ሳይሆን ስኪዞፍሬኒያ ስለሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመምና ስለ ባይፖላር ነው። እስከዚያ ያቺ ካሬና ክብ የበዛባት ወረቀት ከምራቅ ምርመራው ትሻላለች።

ስለ ጠባይም አንድ ነገር። ትልቁ ከልጅነቱ ችኩል ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚዘል፣ ቅዳሜ ገበያ መሃል በብስክሌት የሚበር። ጠባይም ከግማሽ ትንሽ ባነሰ መጠን በዘር ይገለጻል ይላሉ የመንትዮች ጥናቶች። ያ ችኩልነት መጠጡን አፋጥኖታል ብዬ አምናለሁ። ግን «በቃኝ» ብሎ በአንድ ቀን የተነሳውም በዚያው ጠባዩ ነው፤ ሊገድለው ምንም ባይቀረውም።

አሁን እንዴት ነው? በ2015 ጥምቀት ላይ ወድቋል። ታቦቱን ሸኝቶ ሲመለስ ጓደኞቹ ያዙትና አራት ቀን ጠጣ። በአምስተኛው ቀን ትንሹ ወደ ሆስፒታል ይዞት ሄደ፤ በዚህኛው ጊዜ በመድኃኒት፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲህ አልነካም። ባጃጁን የሚነዳው አሁን በአዘዞ መስመር ነው፣ የፒያሳውን አረቄ ቤቶች ላለማለፍ።

በ2016 ሽማግሌ ሆኜ ትልቁ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ቤተሰቦች ዘንድ ሄድኩለት። እንደ ወጉ ሰባት ቤት ቆጠርን፤ ከዚያ የልጅቷ አጎት ጉሮሮውን ጠርጎ «በዘራችሁ የሚወራ ነገር አለ?» አለ። ወረቀቱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጁ ከመሄዴ በፊት «ጋሼ፣ ከጠየቁህ አትዋሽ፤ እሷ ታውቃለች» ብሎኝ ስለነበር ነገርኳቸው፣ መጠጡንም አክስቲቱንም። «እንመካከርና እንልካለን» አሉ። በሦስት ሳምንታቸው ላኩ፤ እሺ ብለዋል፣ ሰርጉ ላይ ግን አረቄ እንዳይኖር። አጎትየው «ሰርግ ነው ተዝካር?» ብሎ ተቆጣና ቀረ። እማማ መጡ።

እህቴ አረቄ ማውጣቱን ትታለች። አሁን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ ገቢዋ የድሮውን ግማሽ አይሆንም፣ ይህንንም በየጊዜው ትነግረኛለች። ሰማያዊውን በርሜል ግን አልሸጠችውም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አጥባ አጥባ የውኃ ማጠራቀሚያ አድርጋዋለች። ትንሹ እየቀዳ ይጠጣል፣ ምንም አይለውም። ትልቁ ከዚያ በርሜል አይጠጣም። ጌሾ ይሸተኛል ይላል።